አፍ የሌላት ጣሳ

ይድረስ ለቱሌ፣ ለአስካለ አባት።

ከተለየኸን ወዲህ ክረምቱ ሁለቴ ገብቶ ሁለቴ ወጣ። አርባህንም ሙት ዓመትህንም እንደ አቅማችን አወጣን። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ያለህበት ብርድም ረኃብም እንደሌለ ንስሐ አባታችን ነግረውኛል፣ እኔም አምኜ ተቀብያለሁ። ሰው ፊት አንቱ ነበር የምልህ። በሩ ሲዘጋ ግን አንተ እልህ ነበርና ዛሬም በዚያው ልቀጥል። እንዲህ ስልህ ደብዳቤውን ከሰው ልደብቀው ነው ማለቴ አይደለም። ቡራዩ ሙሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባሃል፤ መጀመሪያ የቤቱን ላውራህ።

ቤቱ ደህና ነው። ከግድቡ ወዲህ ያለው ባሕር ዛፍ ስላደገ ደጃችን ቆሞ የገፈርሳን ውሃ ማየት ቀርቷል፤ ከግድቡ ዘበኝነት ስትመለስ ዳገቱ ላይ የማይህ ቦታ ሁሉ አሁን ቅጠል ነው። ላሚቱ ወልዳለች፣ ወንድ ጥጃ ነው። እናትህ ለሰርጋችን የሰጠችን ትልቁ ጋን አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ጠላ መያዝ ስላቃተው ገብስ አስቀምጥበታለሁ። ሙቀጫው አለ። ዘነዘናው ግን እጄ የሚይዘው ቦታ ተበልቶ ቀጥኗል፤ እኔ ወፈርሁ፣ እሱ ከሳ። ከአዲስ አበባ የአልሙኒየም ድስት ተሸክመው የሚዞሩ ነጋዴዎች መጥተው ሴቱ ሁሉ ሸክላውን ወደ ጓሮ እየወረወረ ነው። አስካለም አንድ አስገዝታኛለች። ይኼ አይሰበርም እማዬ ትለኛለች። እውነቷን ነው አይሰበርም፤ ግን ዞር ስትል ወጡን ያሳርረዋል፣ የሸክላውን ያህል ትዕግሥት የለውም።

ከሁሉም የሚያናግሩኝ ጣሳዎቹ ናቸው። ማድቤት በገባሁ ቁጥር አንተን የማገኝህ እዚያ ነው። አንዷ የሽሮ መስፈሪያ ናት። አንዷን ክዳኗን በስተህ፣ ክር አስገብተህ ኩራዝ አድርገሃታል፤ አሁንም ጭሷ የግድግዳውን ጥግ እያጠቆረ ታበራለች። ሁለቱ ደግሞ ሽቦ ጠምዝዘህ እጀታ ያበጀህላቸው ኩባያዎች ናቸው፤ ከንፈር እንዳይቆርጡ አፋቸውን በድንጋይ ቀጥቅጠህ ያለሰለስኸው አንተ ነህ።

የመጡበትን ቀን መቼም አትረሳውም። ግድቡ ላይ ሲሠራ የከረመው ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ጓዙን ለሠራተኛው አከፋፈለና ላንተ አንድ ሣጥን የጣሳ መጠጥ ደረሰህ። በትከሻህ ተሸክመህ ዳገቱን ስትወጣ ውሻችን እንኳ አላወቀህም፣ ጮኸብህ። በጣሳዎቹ ላይ የተለጠፈውን የአናናስ ሥዕል እናትህ አየችና ቁልቋል ደግሞ ይጠጣል እንዴ ብላ አማተበች። አንተም እንደ ሊቅ ሆነህ፣ ፍሬ ነው እኮ እማዬ፣ ፈረንጅ ቁርሱን የሚያወራርደው በዚህ ነው አልሃት። ሚስማርና ድንጋይ አምጥተህ አንድ ቀዳዳ በሳህ። ገልብጠህ ብትይዛት አንዲት ጠብታ ወርዳ ቀረች። ብትነቀንቃት፣ ብትመታት፣ አፍህን ደግነህ ብትጠባት እምቢ አለች። አንዱ መጠጡ የሚወጣበት፣ አንዱ አየር የሚገባበት ሁለት ቀዳዳ እንደሚያስፈልጋት ማን ነግሮን። ተናድደህ ሚስማሩን በሌላው ጎኗ ስትሰካባት ከመቅጽበት ደረትህ ላይ ተንዠቀዠቀች። እናትህ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጣዕሙ እንደ ብርዝ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ብቻ ብረት ብረት ይላል። ቁልቋል ያለችው እናትህ አስደግማ ጠጣች።

ሣጥኑ ጎረቤት ሲቀምስ፣ ሕፃን ሲቀምስ አለቀና አንዲት ቀረች። በገና ዕለት ወንድምህ ደበላና ዘመዱ ሁሉ በተሰበሰበበት ብድግ አልህና፣ ይህችን የሚከፍታት የአስካለ ሽማግሌ ነው፣ እስከዚያ የነካት ሰው ከእኔ ጋር ተጣላ ብለህ ከመደርደሪያው አናት ላይ አስቀመጥሃት። አስካለ ያኔ ገና የወተት ጥርሷ እየወለቀ ነበር። ሰዉ ስቆ ሄደ፣ ቃልህ ግን ቀረ። አንተ ካለፍህ በኋላ ደግሞ ቃል መሆኑ ቀርቶ ኑዛዜ ሆነ።

አሁን ወደማልወደው ልግባ። እንዴት እንደሞትህ አንተ ታውቃለህ። ውሃው ሞልቶ በዝናብ ስትሯሯጥ ውለህ እንደ ጨርቅ ርሰህ ገባህ፣ ደረትህን ውጋት ያዘህ፣ ከዚያ ወዲያ አልተነሣህም። የመጨረሻው ቀን የአጃ አጥሚት ሠርቼ በጣሳ ኩባያው አጠጣሁህ። ይኸው ነው ነገሩ። ለቅሶው ላይ ግን ደበላ ድንኳኑ መሐል ቆሞ፣ በሬ የሚያክል ወንድሜን በአንድ ኩባያ አጥሚት አለ። ሌላ አልጨመረም። መጨመርም አላስፈለገውም፤ የቀረውን ሰዉ ራሱ ጨመረበት። ወንድምህ ክፉ ሰው እንዳልሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። በአንድ ጥማድ በሬ ያረሳችሁ ወንድማማቾች ናችሁ። እጁ ባዶ ሲቀርበት የሚይዘው ነገር ፈለገና እኔን ያዘ። ይህን ማወቄ ግን ቁስሉን አላሻረልኝም።

ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ መቅመሱ የኖረ ወጋችን ነው፤ ምንም የለበትም፣ በሰላም ጠጡ ማለት ነው። ሌላ ቤት ይህን ማንም ልብ አይለውም፣ ሰው ወሬውን ያወራል። እኔ ቤት ግን ካንተ በኋላ መዳፌን ወደ አፌ ሳስጠጋ ወሬ ይቋረጣል። የሚያዩት ጉሮሮዬን ነው። ዋጠች፣ አልዋጠችም። ከዚያ አንዷ ታስልና ወሬው ይቀጥላል። የማኅበር ተራዬ ሲደርስ ሆዴን ቁርጠት ይዞኛል የማይል ሰው ጠፍቶ ጠላዬ በገንቦው ውሎ በገንቦው አድሯል። ሁለት ጊዜ ቀምሼ ያጠጣሁትም አለ። አንዳንዴማ ቱሌ፣ ጉሮሮዬ ራሱ ተሳቅቆ አልውጥ ይለኛል፤ ያን ጊዜ የሚያዩኝ ሰዎች ምን እንደሚያስቡ ሳስብ ጭራሽ ይብስብኛል። ለእኔስ ይሁን። አስካለ ግን ለአቅመ ሔዋን ደርሳ የዚች ሴት ልጅ ናት ተብላ እንዳትቀር ነበር ጭንቄ። ማን ነው እናቷ የምትቀዳውን ከማይጠጣበት ቤት ልጅ የሚያጭ።

እንዲህ ባለንበት ባለፈው ክረምት ጣሳዋ ማበጥ ጀመረች። አቧራዋን ጠርጌ ሳስቀምጣት እንደ ሰካራም ተንገዳገደችብኝ። አገላብጬ ባያት ታችዋም አናቷም ተነፍቶ የእርጉዝ ሆድ መስላለች። ደበላ አይቶ ደስ አለው። ጋን ሲነሣ አይተሽ አታውቂም፣ ፈላ ማለት እኮ ነው፣ የሟች በረከት ነው፣ የአስካለ ሽማግሌዎች ሊመጡ ሲሉ መጠጡም ደረሰ አለኝ።

እኔ ዕድሜዬን ጠላ ስጠምቅ የኖርሁ ሰው ነኝ። ጋን አፍ አለው፣ ሲነሣ ይተነፍሳል። አፍ የሌለው ነገር ውስጥ ለውስጥ ሲነሣ አላምንም። ደግሞ አንተው አንድ ቀን ያጫወትኸኝ ትዝ አለኝ። ፈረንጁ ከጓዙ መሐል ያበጠች ጣሳ ቢያገኝ ሳይከፍታት ጉድጓድ አስቆፍሮ እንዳስቀበራት ነግረኸኝ፣ ሀብታም አይደል፣ ሙሉ ጣሳ ይቀብራል ብለህ ትስቅ ነበር። እኔም አብሬህ ስቄያለሁ። ለምን እንደቀበራት አልጠየቅኸው፣ እኔም አንተን አልጠየቅሁህ። ይህንኑ ለደበላ ነገርሁት። ዓይኑን ሳይነቅል አየኝና፣ ሟች የነገረሽን ሟች ይመስክርልሽ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ምን ልበል። አውጥቼ ብጥላት የባሏን ኑዛዜ ጣለች ነው። ሰው ትጎዳለች ብል፣ እሷ ስለሚጎዳ ነገር ባታውቅ ማን ሊያውቅ ነው። ዝም ብል ደግሞ በቤቴ የመጣ እንግዳ ነው፣ ነፍስ ነው። ከመደርደሪያው አናት ቁጭ ብላ ስታየኝ ከረመች። አንተን ቀና ብዬ የማይባት የነበረችው ጣሳ ፊቷን አዞረችብኝ።

አስካለን ለልጃቸው ሊጠይቁ የሱሉልታ ሽማግሌዎች በኅዳር መጡ። ልጁ የድርቆሽ ነጋዴ ልጅ ነው። ስሙ ሲነሣ አስካለ ፊቷን ታዞራለች እንጂ እንደወደደችው እናት አይጠፋኝም። ሦስት ሆነው በበቅሎ ተራራውን ዞረው ነው የደረሱት። ዋናው ኦቦ ዋቅጅራ ይባላሉ፣ የልጁ አያት ወንድም ናቸው፤ ጆሯቸው ከበድ ይላል፣ ዓይናቸው ግን ምንም አይስትም። አካም ጅርቱ እያሉ ገቡ፣ ነጋ፣ ሰላም ነው፣ እያልን ተቀበልናቸው። ደበላ ያንተን ቦታ ይዞ መሐል፣ አጎትህም ከጎኑ ተቀመጡ። እኔ የጠመቅሁትን ጠላ በገንቦ አድርጌ በሩ ሥር አኑሬ ከምሰሶው ጀርባ ቆምሁ። ወጉን አደረሱ፤ ቆመው ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ደበላ ተቀመጡ አላቸው። ከመልሱ በፊት የሟች አደራ አለብኝ ብሎ ተንጠራርቶ ጣሳዋን አወረደ።

ቃልህን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ልባቸው ተነካ። ከእጅ ወደ እጅ እያዞሩ አዩአት፤ አንደኛው፣ ይቺ ጣሳስ በደንብ በልታለች ብለው ቀለዱና ቤቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ደበላ ወደ ጓዳ ተጣራ። አስካለ ትምጣና ትክፈት፣ እሷው ቀምሳ ታቅርብ አለ። ደግሞም፣ የእናትዮዋ እጅ ይቅር አለ።

ልጅቱ ሽማግሌ ፊት የማትወጣበት ቀን መሆኑን እንኳ ዘነጋው። ሁሉም መሬት መሬት አየ። የሱሉልታ ሰዎች ወሬው እንደደረሳቸው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ምነው ብሎ የጠየቀ የለማ። አስካለ ሚስማርና ድንጋይ ይዛ ወጣች። ልውሰድልሽ ብዬ እጄን ብዘረጋ ድንጋዩን ጨበጠችብኝ። በጆሮዬ፣ ተዪኝ እማዬ፣ ልቅመሰውና ይብቃ፣ ምንም እንዳልሆንሁ ይዩ አለችኝ። ቱሌ፣ ልጅህ እኔን ልታወጣ ያንን ልትውጥ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማደርገውን አላውቅም ነበር። ጣቷን አንድ በአንድ አላቅቄ ሚስማሩን ወሰድሁ፣ ጣሳዋንም ከደበላ እጅ ተቀበልሁ፣ ሁሉም እንዲያዩኝ በሩ ላይ ወጥቼ ደፉ ላይ አስቀመጥኋትና በሳኋት።

እንደ እባብ ፉጨት አሰማች። ከዚያ የሚያረፋው ነገር ተወርውሮ የበሩን ጉበን መታ፣ ነጠላዬ ላይ ወረደ። ብርዝ አልነበረም። ቡናማ ሆኗል፣ የሞተ አይጥ ያለበት ጓዳ ይሸታል። በቅሎዎቹ ሳይቀሩ ጆሯቸውን አቆሙ። ነጠላዬን አራግፌ፣ ይህ ቤት የሚያጠጣው ቀምሶ ነው አልኋቸው። ይህን እኔ አልቀምስም፣ ልጄም አትቀምስም፣ እናንተም አትጠጡም። ባሌ ለእናንተ ያስቀመጠው ክብሩን ነው፣ ይህ ደግሞ ክብሩ አይደለም። ብዬም አመድ ማፍሰሻው ላይ እስከ ጠብታው ደፋሁት።

ደበላ ተነሣ። አያችሁ አይደል አለ፤ የሟችን ቃል መሬት ላይ ደፋችው፣ የሚገድለውንና የማይገድለውንም አሽትታ ታውቀዋለች። የፈራሁት ይኸው ደረሰ አልሁ በልቤ።  ኦቦ ዋቅጅራ አልሰሙም መሰለኝ፣ ምን አለ ብለው ጎናቸው ያሉትን ጠየቁ። ሰውዬው አፍረው ዝቅ አድርገው ነገሯቸው። ጮክ በል አሏቸው። እንደገና ጮክ ብለው፣ እኔም ልጄም እየሰማን፣ ያንኑ ነገር ደገሙላቸው። ከመጀመሪያው ይልቅ የሁለተኛው አቆሰለኝ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ከጉልበታቸው ወደ ጉልበታቸው አዛወሩ። ከዚያ ደበላን፣ የኔ ልጅ፣ ሰውን መርዝ ሊያበላ የፈለገ ቀድቶ ያቀርባል እንጂ ደጅ አውጥቶ ይደፋል ወይ አሉት።  ወደ እኔ ዞረው ኢንተለ ኮ አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ዳገቱ ጉሮሮዬን አድርቆታል፣ እስቲ ከራስሽ ጠላ ቅጂልኝ።

ቀዳሁ። እንደለመድሁት ልቀምስ ዋንጫውን ወደ መዳፌ ሳዘነብል እጃቸውን ዘርግተው መዳፌን አጥፈው ዘጉት፣ ዋንጫውን ተቀበሉኝ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው አተላው እስኪታይ ጨለጡት። ሲውጡ ሁላችንም እንሰማ ነበር። ጥሩ ጌሾ ነው ብለው ዋንጫውን መልሰው ዘረጉልኝ። የቀሩትም ሁለቱ እንዲሁ ሳያስቀምሱኝ ጠጡ። እኔ መዳፌን ምን እንደማደርገው አጥቼ ቀሚሴ ላይ ጠረግሁት፣ ደረቅ ነበር። አስካለ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት።

ወንድምህ አልጠጣም። ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ። መልሱን የሰጡት አጎትህ ናቸው፤ ሰርጉ ለጥር ተቀጥሯል።

ከዚያ በኋላ ደበላ ብዙ ቀን ጠፋ። ከትናንት ወዲያ ነው መጥቶ ደፉ ላይ የተቀመጠው። ስለ ጥጃው ጠየቀኝ፣ ስለ ገብሱ ጠየቀኝ፣ ከዚያ ጠማኝ አለ። ቀድቼ ልቅመስ ወይስ ልተው ብዬ ቆምሁ። እሱም ይህን ያወቀ ይመስለኛል፣ እጁን ዘረጋ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው፣ በአንድ ትንፋሽ አወረደው። ይቅርታ አልጠየቀኝም። የሰርጉን ፍሪዳ እኔ አመጣለሁ አለኝና ሄደ። ለእኔም በቂዬ ነው።

ለጥር ሰርግ ሙሽራዋን ስንሸኝ አባቷ ማን ነው ሲባል ስምህን ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ እጠራለሁ። ሞትህንም ሲጠይቁኝ ከእንግዲህ አልደነግጥም፣ እንደነበረ እናገራለሁ። ይህን ደብዳቤ ቡራዩ ሁሉ ቢያነበው ያልሁህም ለዚህ ነው። የዚያን ቀን አጥሚቱን ስትጨርስ ያልኸኝን ከአንተና ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ኩባያውን በሁለት እጅህ ይዘህ፣ ወርቄ ጨምሪልኝ አልኸኝ። ቀኑን ሙሉ እህል ያላየ ሰው ጨምሪልኝ ሲል፣ ዳነልኝ ብዬ ድስቱን እስከ ታችኛው ፍቄ ሞላሁልህ፤ ያንንም ጠጥተህ ፈገግ አልህ። እስካለሁ ድረስ አንተን ሳስብ የማስበው ያንን ፊትህን ነው፣ ሌላውን አይደለም። ሰው የሚያወራው ስለ አንድ ኩባያ ነው። ሁለት ነበር።

ያንተው ወርቄ
ከቡራዩ